ከወንበሩ ስትነሳ የሚጮኸው ኮምፒውተር

ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ጓሮ ቆማ የዘንባባ ፍሬ ወጧን ስታማስል ነው። ዝናብ የመጣ መሰላት። ቀና ብላ ሰማዩን አየች፤ አንድም ደመና የለም። ድምፁ ግን እየበረታ ሄደ። የሚመጣው ደግሞ ከራሷ ሳሎን ነው።

ዶኩዋ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ገባች። ጠረጴዛው ሥር ያለው የኮምፒውተሩ ሳጥን ዳገት እንደሚወጣ አሮጌ የጭነት መኪና ያጓራል። ጎኑን በመዳፏ ነካችው፤ ይፋጃል። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ማውሱን ነቅነቅ ስታደርገው የማሽኑ ማራገቢያ ወዲያው ጋብ አለ፤ እስከ አሥር ለመቁጠር በሚበቃ ጊዜ ውስጥም ጭጭ አለ።

ተነስታ ወደ ድስቷ ተመለሰች። ሦስት ጊዜ እንኳ ሳታማስል ጩኸቱ እንደገና ተነሳ።

ሌላ ቀን ቢሆን ሙቀቱ ነው ብላ ትተወው ነበር። የዚያን ቀን ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው ነገር ሌላ ነው።

ከአክራ ራቅ ባለችው አቤቲማ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ መጀመሪያ ወደ ሬሳ ቤት፣ ቀጥሎ ወደ ዶኩዋ ይሄዳል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን የሐዘን ማስታወቂያ፣ በቀብር ቀን የሚታደለውን የሟች የሕይወት ታሪክ የምታዘጋጀው እሷ ናት፤ እዚያው ሳሎኗ ውስጥ፣ በዚያችው አንድ ኮምፒውተር። ሥራውን ከያዘች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ማክሰኞ ጠዋት የመጡት ሰው ግን እንደ ሌላው ሐዘንተኛ አልነበሩም። የአለቃው የናና አፈ ንጉሥ፣ ቃላቸውን ለሕዝብ የሚያደርሱት ሽማግሌው አዳይ፣ ወርቅ ቅቡን የሹመት በትራቸውን ሳይዙ፣ ብቻቸውን፣ በጓሮ በር ገቡ። ከኪሳቸው ጥፍር የምታክል የፎቶ ካርድና አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ካርዱ ላይ ያለው አንድ ምስል ብቻ ነው፤ ናና በወርቅ አጊጠው ዙፋናቸው ላይ ተቀምጠዋል። ወረቀቱ ላይ ደግሞ በሐዘን ቀለም፣ በጥቁርና በቀይ፣ የሚታተም ቃል ተጽፏል።

ዶኩዋ አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን መልሳ አጠፈችው።

«ናናን ትንሽ አሟቸዋል» አሉ አዳይ። ሌላ አላሉም፤ ሊሉም አይችሉም። በአቤቲማ አለቃ በሰው አፍ አይሞትም። ሽማግሌዎቹ ማድረግ ያለባቸውን አድርገው፣ ቀን ቆርጠው፣ የአለቃው ግቢ ከበሮ ሞቱን እስኪናገር ድረስ፣ አርባ ቀንም ቢፈጅ፣ ሁሉም ሰው ናና እንዳሉ ሆኖ ይኖራል። ቃሉ ከአፉ ቀድሞ የወጣበት ሰው ግቢው ውስጥ ለፍርድ ይቆማል።

«ድሮ ቢሆን ቅጣቱ አንገት ነበር» አሉ አዳይ፣ ምስሉን ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጣ ካርዱን ስትመልስላቸው። «ዛሬ በግ ነው። ነውሩ ግን ከበጉ ጋር አይታረድም። አባትሽ ሠላሳ ዓመት የግቢውን ደብዳቤ ሲጽፍ አንዲት ቃል ከዚህ ቤት አልወጣችም። ወደ ከተማ ማተሚያ ቤት ትቼ ወዳንቺ የመጣሁት ለዚያ ነው። ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ። ሌላ ዕቃ ላይም እንዳይገለበጥ።»

«አይወጣም፣ አባቴ።»

እሳቸው እንደወጡ በሩን ቆለፈች። የቤቱ በር ብቻ መቆለፉ አልበቃ አላት። ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ፣ አቃፊ በይለፍ ቃል የሚቆልፍ አንድ ነጻ ፕሮግራም አውርዳ ጫነች። ምስሉን እዚያ ውስጥ ከተተችው፤ ወረቀቱንም ኮምፒውተሩ ላይ ጽፋ ስትጨርስ ጽሑፉን አብራ ቆለፈችበት። ልቧ አረፈ። ያረፈው እስከ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ስትቀመጥና ስትነሳ ዋለች። ኮምፒውተሩ ላይ፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም ከማሽኑ አንጎል ምን ያህል ጉልበት እንደሚወስድ የሚያሳይ መስኮት አለ፤ እሱን ታውቀዋለች። ስትከፍተው ከመቶ አራት ብቻ ይላል። ክፍት አድርጋ ብትጠብቅ፣ አራት። ዘግታ ወጥታ በረንዳው ላይ ስትቆም፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ያ ጩኸት። ሮጣ ተመልሳ ስትከፍተው መቶ ይልና፣ የትኛው ፕሮግራም እንደሆነ ሳታነብ ቁጥሩ እየተንሸራተተ አራት ላይ ያርፋል። ጓዳ መብራት ሲበራ ከጆንያ ሥር ሾልኮ እንደሚጠፋ አይጥ ነው።

ሦስተኛ ጊዜ ሮጣ ስትገባ አንድ ሐሳብ መጣባት። መምጣቷን የሚያውቀው እንዴት ነው?

ስክሪኑ አናት ላይ ያለችውን ትንሽ ጥቁር ካሜራ አየቻት። ካሜራዋም መልሳ ያየቻት መሰላት። ከመሳቢያው የቁስል ፕላስተር አውጥታ ለጠፈችባት። ጩኸቱ ግን አልቀረም። እሷ ስትነሳ ሌላ ሰው ወንበሯ ላይ የሚቀመጥ ያህል ነው፤ ተቀምጦም የቆለፈችውን ይፈታል፣ ይገልጣል፣ የናናን ፊት አተኩሮ ያያል።

ሐሙስ ጠዋት ጎረቤቷ ቦአቴማ የሙዝ ጥብሷን በሳህን ይዛ በአጥሩ ክፍተት ብቅ አለች።

«ዶኩዋዬ፣ ምን እየፈጨሽ ነው እዚያ ውስጥ? ወፍጮ ቤት ከፈትሽ እንዴ?»

«ኮምፒውተሩ ነው። ሞቆታል።»

«እኔንም ሞቆኛል፤ ማን ማራገቢያ ገጠመልኝ?» ብላ ሳቀችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቆይ ግን፣ ይሄን አይተሻል? ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው።»

ስልኳን አቀበለቻት። መልእክቱ አጭር ነው። ናናን ካየናቸው ስንት ጊዜ ሆነን? ግቢው ምን ይደብቀናል?

ዶኩዋ ፊደሎቹን እያየች ከዚያ በላይ ማንበብ አቃታት። መቼ እንደተላከ፣ ማን እንደላከው ማየት እንዳለባት ታውቃለች፤ ዓይኗ ግን እምቢ አላት። ስልኩን መለሰች።

«ናናን ትንሽ አሟቸዋል ይባላል።»

«እሱንማ እኔም እላለሁ» አለች ቦአቴማ፣ ዓይኗን ከፊቷ ሳታነሳ። «አንቺ ግን ለምን ላብ አጠመቀሽ?»

«ወጡ ነው። በርበሬው በዛብኝ።»

«እሳቱ እኮ ጠፍቷል፣ እቴ።»

ቦአቴማ እንደሄደች ዶኩዋ ስልኳን አንስታ ላርቢን ጠራችው። ላርቢ መኪና ተራው አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ኮምፒውተር የሚጠግን፣ አገሩ ሁሉ ማስተር የሚለው ሰው ነው። መሣሪያውን በጀርባው አዝሎ መጣ።

«ሳጥኑ ከዚህ አይወጣም። እዚሁ ነው የምታየው» አለችው ገና በሩ ላይ።

«ችግር የለም፣ እህቴ። ሆስፒታል አልሄድም ያለ በሽተኛ ለምጃለሁ። መቼ ጀመረው?»

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ ምን አዲስ ነገር ጫንሽበት?»

ምላሷ ላይ ነበር። ቁልፍ ጫንኩ ብትለው፣ ምን ልትቆልፊ ይላታል። የራሴን ሥራ ብትለው፣ አሥራ አንድ ዓመት ሳይቆለፍ የኖረ ሥራ ዛሬ ምን አገኘው ይላል። ላርቢ ሞኝ አይደለም።

«ምንም» አለች።

ላርቢ አያት። ወደ ስክሪኑ ዞረ፤ ምን እንዳየ እንጃ፣ ቶሎ ብሎ ዓይኑን ወደ መሬት አወረደ። «ምንም ካልሽ ምንም ነው። አቧራ ይሆናል» አለ።

ሳጥኑን ከፍቶ የአምስት ዓመት አቧራ በብሩሽ አራገፈ። አንጎሉ ላይ የደረቀውን ማቀዝቀዣ ቅባት ጠርጎ አዲስ ቀባ። ማራገቢያውን በጣቱ አሽከርክሮ አዳመጠ። ሁሉን ገጥሞ ሲያስነሳው ዝምታው ደስ ይል ነበር። ዶኩዋ ግን መንገድ ድረስ ሸኝታው ስትመለስ ጩኸቱ በሯ ላይ ጠበቃት።

ዓርብ እንደገና መጣ። የቆዩ ፕሮግራሞችን አደሰ፤ ማሽኑ ሲነሳ አብረው የሚነሱትን ቀነሰ። ሲሠራ አንገቱን ደፍቶ ነው፤ ከሚያስፈልገው በላይ ስክሪኑን አያይም።

«አሁንም ምንም?» አላት።

«ምንም።»

«እንግዲያው ሁለት ነገር ነው የቀረው። አንዱ ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር ነው።»

«አይሆንም። ሁለተኛውስ?»

«አንድ ሰው ከሩቅ እየሠራበት ይሆናል።»

«ምን እየሠራ?»

«እሱን ሳላየው ምን ልበልሽ? ሌባ ወጥ ሊሰርቅም ይገባል፣ አልጋ ሊሰርቅም ይገባል።»

ላርቢ ሲወጣ ብቻዋን ቆማ ኢንተርኔት የሚያመጣውን ትንሽ ሞደም አየችው፤ አረንጓዴ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ነቀለችውና በረንዳ ወጥታ ጠበቀች። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፤ ድምፅ የለም። ተመልሳ ሰካችው፤ ወጣች። ያ ጩኸት መጣ። ዳግመኛ ነቀለችው።

በሽታው ከውጭ እንደሆነ አሁን ገባት። በሩን ዘግታለች፤ ግን ሦስት ቀን ተኩል ክፍት ሆኖ ከርሟል። በዚያ ጊዜ ምን ወጣ? አንድ ሰው፣ አክራ ይሁን ከባሕር ማዶ፣ የናናን ምስል በእጁ ይዞ ቃሉን አንብቦት ቢሆንስ? ያ ከስልክ ስልክ የሚዞረው መልእክት ከእሷ ሳሎን የወጣ ቢሆንስ? ግድግዳው ላይ ያለውን የአባቷን ፎቶ ላለማየት ፊቷን አዞረች።

ቅዳሜ ጠዋት ይህን ለላርቢ ነገረችው፤ ሞደሙን ስለመንቀሏ ብቻ። እሱ ፂሙን አሻሸ።

«ሌባውን ለመያዝ በሩን መክፈት አለብን» አለ። «ሰው ሲያይ ይደበቃል አይደል? እንግዲህ ሰው አይየው። በየደቂቃው የማሽኑን ጉልበት ማን እንደወሰደ የሚመዘግብ ነገር አስቀምጣለሁ። ሞደሙን ሰክተን ሁለታችንም እንወጣለን። ሩብ ሰዓት ይበቃል።»

«ሩብ ሰዓት ሙሉ?»

«ባጭሩ ከቆረጥነው ባዶ እጃችንን ነው።»

ሰካው። ማንጎው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በአራተኛው ደቂቃ ጩኸቱ ተነሳ። ዶኩዋ ከተቀመጠችበት ብድግ ስትል ላርቢ ክንዷን ያዛት።

«ተቀመጪ፣ እህቴ።»

«ላርቢ፣ ይበቃል። አጥፋው።»

«ገና ነው።»

ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች። በየደቂቃው አንድ ነገር ከቤቷ ተሸክሞ የሚወጣ ሰው ይታያታል። ላርቢ የተረጋጋ መስሏት ነበር፤ ዝቅ ብላ ስታይ ግን ጉልበቱ ያለ ማቋረጥ ይርገበገባል። እሱ ምን ያስፈራዋል ብላ አሰበች።

ሩብ ሰዓቱ ሲሞላ ሮጠው ገቡ። ሞደሙን ነቀለና መዝገቡን ከፈተ። በየደቂቃው ያው አንድ ስም ነው፤ ከመቶ ዘጠና ሰባት፣ ዘጠና ስምንት፣ ዘጠና ሰባት።

«ስሙ የማሽኑ የራሱ ፕሮግራም ይመስላል፤ የተደበቀበት ቤት ግን ሌላ ነው» አለ ላርቢ፣ በጣቱ እየተከተለ። «ይኸው ቤቱ። አቃፊ መቆለፊያ። የገባው ማክሰኞ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ገደማ።» ጣቱን ከስክሪኑ ሳያነሳ ወደ እሷ ዞረ። «እህቴ፣ ምንም የምትዪው ይሄን ነው?»

ዶኩዋ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

«ቁልፉ ውስጥ ሌላ ሰው አስገብተሻል» አለ ቀስ ብሎ። «እንዲህ ያለው በማሽንሽ አንጎል ሌት ተቀን ሒሳብ ያሠራል፤ የኮምፒውተር ገንዘብ የሚባለውን በኢንተርኔት ለባለቤቱ ያመርትለታል። ስትመጪ የሚቆመው እንዳትነቂበት ነው። አሁን አወጣዋለሁ። ግን መጀመሪያ የቆለፍሽውን ፍቺ፤ ቁልፉን ቀድሜ ካጠፋሁት ውስጥ ያለው ለዘላለም ተቆልፎ ይቀራል።»

«ዞር በል።»

ላርቢ ያለ አንድ ቃል ተነስቶ ግንባሩ የአባቷን ፎቶ ሊነካ እስኪቃረብ ድረስ ወደ ግድግዳው ዞረ። የይለፍ ቃሉን ጻፈች። ስትጽፍ ከጀርባዋ ድምፁን ሰማችው።

«ሐሙስ ስገባ ስክሪኑ ጥግ ላይ ክፍት የተውሽውን ጥቁርና ቀይ የሐዘን ጠርዝ አየሁ። ከላይ ደግሞ የግቢውን የጎራዴ ዓርማ። ከዚያ ወዲህ ምንም አላየሁም።»

ጣቶቿ ቆሙ። «ታውቃለህ ማለት ነው?»

«ምንም አላውቅም። የእናቴ ወንድም የግቢው ከበሮ ተሸካሚ ነው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ እቤት አልገባም። ምንም አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? አቧራ ስትጠርግ፣ ቅባት ስትቀባ ሁለት ቀን!»

«ምን ብዬ? ማን ሊለው ይችላል?» አለ ግድግዳውን እያናገረ። «ነገሩ ወጣ ቢባል፣ ማን ነው ኮምፒውተሩን የነካው ሲሉ የሚጠሩት እኔን ነው። አንቺ የአባትሽ ስም አለሽ። እኔ ምን አለኝ?»

ለካ አንድ ፍርሃት ለሁለት ተካፍለው፣ አንዱ ከአንዱ እየደበቀ ሰንብተዋል።

ምስሉንና ጽሑፉን ከቁልፉ አውጥታ ሌላ አቃፊ ውስጥ ደበቀቻቸውና ላርቢን ወደ ስክሪኑ መለሰችው። ላርቢ ያን ፕሮግራም ከነሥሩ ነቅሎ፣ ተደብቆ የቀረ እንዳለ ሁለት ጊዜ ፈተሸ። ከዚያ እያንዳንዱ ፕሮግራም ወደ ውጭ የላከውን መጠን የሚያሳየውን ዝርዝር አወጣ።

«ከማክሰኞ ጀምሮ የላከው ዘጠኝ ሜጋባይት ነው። የ... የዚያ ነገርሽ ክብደት ስንት ነው?»

«ስልሳ ሁለት።»

«ዘጠኝ የሚሸከም ስልሳ ሁለት አይሸከምም። ምስሉ አልወጣም።»

ዶኩዋ ትንፋሿን ለቀቀች፤ ግን ወዲያው መልሳ ያዘችው። «ጽሑፉስ?»

«ጽሑፍ ላባ ነው» አለ ላርቢ። «እሱን ልምልልሽ አልችልም።»

እንደገና ወደ ግድግዳው ላከችውና ጽሑፉን ከፈተች። ማክሰኞ ጠዋት በጥድፊያ ነው የጻፈችው፤ ስም ጽፋ ይሁን ሳትጽፍ አታስታውስም። እያንዳንዱን መስመር በጣቷ ተከተለች። ስም ሊገባ በሚገባው ቦታ ባዶ ነጥቦች ተደርድረዋል። የአዳይን ወረቀት አውጥታ አስተያየች፤ እዚያም ነጥቦች ናቸው። ሽማግሌዎቹ በብዕራቸው እንኳ አላሉትም ነበር።

ላርቢ ከግድግዳው ስር ጠየቃት። «ደህና ነው?»

«እንጃ። አዳይ ጋ እንሄዳለን።»

«እንሄዳለን? እኔንም ጨምሮ?»

«አንተን ሳይዙ የተናገሩት ግማሽ ነገር ነው።»

እንደ ወጉ ለእጅ መንሻ አንድ ጠርሙስ ሽናፕስ፣ ያን ጠንካራ መጠጥ፣ ገዝተው ከሰዓት በኋላ የአዳይን ግቢ ገቡ። ዶኩዋ ጫማዋን ደጃፉ ላይ አወለቀች። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ሆነው ጠርሙሱን አዩ፣ ከዚያ ላርቢን።

«ይሄስ ማነው?»

«ላርቢ ነው፣ አባቴ። ኮምፒውተሬን የሚያይልኝ።»

«ምን ያውቃል?»

«የማራገቢያ አቧራ ጠርጌአለሁ፣ አባቴ» አለ ላርቢ አንገቱን ደፍቶ። «ሌላ አላውቅም።»

የሽማግሌው የከንፈር ጥግ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ዶኩዋ ከማክሰኞ ጀምሮ የሆነውን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው፤ ቁልፉን፣ ጩኸቱን፣ ሦስት ቀን ተኩል ክፍት የነበረውን በር፣ የቦአቴማን መልእክት። ስትጨርስ አፏ ደርቆ ነበር። አዳይ ከጋቢያቸው ሥር ስልክ አወጡ፤ መነጽራቸውን አስተካክለው ብዙ ፈለጉና ዘረጉላት።

«ይሄን ነው?»

«እሱን ነው፣ አባቴ።»

«ለእኔ የደረሰኝ እሑድ ነው። እኔ አንቺ ቤት የገባሁት ማክሰኞ።»

የዶኩዋ ዓይን እንባ ሞላ፤ መልእክቱ ከእሷ ቤት አልወጣም። አዳይ ግን አልጨረሱም።

«ያ ሌባ ምንም አልወሰደም ብለሽ ትምያለሽ?»

በጣቶቿ እየቆጠረች መለሰች።

«ምስሉን አልወሰደም ብዬ እምላለሁ። ስም አልወሰደም ብዬም እምላለሁ፤ ስም አልነበረበትምና። ቀሪውን አላውቅም።»

«ምንም አልወሰደም ብትዪኝ ሥራውን አሁኑኑ እቀማሽ ነበር» አሉ አዳይ። «አባትሽም የማያውቀውን አላውቅም ይል ነበር። ከበሮው እስኪናገር ያ ማሽን ከውጭ ጋር አይነካካ። የሰማችሁትን ለአልጋችሁም አትንገሩ።» ጠርሙሱን ከፍተው ለቀደሙት አባቶች ጥቂት መሬት ላይ አፈሰሱ፤ በአንዲት ብርጭቆ መጀመሪያ ለእሷ፣ ቀጥሎ ለላርቢ ሰጡ። መጠጡ ጉሮሮዋን አቃጠለው። መሐላ ነውና ጨለጠችው።

ላርቢ መኪና ተራው ላይ ተለያት። «እህቴ» አለ መንገዱን ሳይሻገር፣ «ሌላ ጊዜ ምንም ስትዪኝ፣ ምን ዓይነት ምንም እንደሆነ በጥቅሻ ንገሪኝ። ቅባቴን ጨረስሽው።»

ቤቷ ስትደርስ ሞደሙን በጨርቅ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ፕላስተሩን ከካሜራው ላይ አላነሳችውም። ተቀምጣ የጥቁሩን ጠርዝ ስፋት አስተካከለች፤ ናና ከወርቃቸው መሐል ያዩዋታል። ከዚያ የራት ድስቷ ትዝ አላትና ተነሳች።

በረንዳውን ግን አላለፈችም። በሩን ገርበብ አድርጋ ከጀርባው ቆመች። ቦአቴማ አጥሩ ማዶ ፉፉ የሚሉትን ገንፎ ትወቅጣለች፤ ሙቀጫው ዱም፣ ዱም ይላል። በሁለቱ ምት መሐል ዶኩዋ ጆሮዋን ወደ ክፍሉ ትጥላለች። እስከ አሥር ቆጠረች። እስከ መቶ ቆጠረች። ኮምፒውተሩ ዝም ብሏል።

እንደገና ከአንድ ጀመረች።